በዶላር ወይስ በዩሮ?

በኦገስት 2023 መጀመሪያ ከምንኖርበት ከቨርጂንያ ከባለቤቴ ጋር ወደ ጀርመን ተጉዘን ነበር። ፍራንክፈርት ላይ ለባለ ትዳሮች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ጉባኤ እንድናስተምር ተጋብዘን ነው። ወጪያችንን የሸፈኑልን የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሌሊቱን ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው የሚያድሩ ወንድሞች፣ አረጋውያንን በመንከባከብ የሚተዳደሩ እህቶች አሉ።

ከሆቴሉ ስንወጣ ሂሳባችን 600 ዩሮ ነበር። ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያኗን ክሬዲት ካርድ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባ፣ በዶላር መክፈል ይፈልግ እንደ ሆነ ወይስ በዩሮ የሚጠይቅ ጽሑፍ ወጣ። "የምናውቀው ዶላር ነው፤ ለገንዘብ ያዡም ይቀለዋል" ብሎ ዶላርን ተጫነ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ምንም አላልኩም።

ባቡር ላይ ደረሰኙን አውጥቼ ሳየው 699 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይላል። በዕለቱ 1 ዩሮ ወደ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይመነዘር ስለ ነበር፣ መሆን የነበረበት 660 ዶላር ገደማ ነው። ከሥር በደቃቅ ፊደል 6 በመቶ መጨመሩ ተጽፏል። "እንዴት ሳታነብ ትጫናለህ?" አልኩት። እኔም እንዳላነበብኩ ዘነጋሁት። ሦስት ቀን ስለ መተሳሰብ ያስተማርን ባልና ሚስት፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሳንነጋገር ሄድን።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በዩሮ ብንከፍል ኖሮ ምንዛሪውን የሚያሰላልን የካርዱ ድርጅት ነበር፤ ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ ዋጋቸው ከገበያው ብዙም አይርቅም። ዶላርን ስንመርጥ ግን የሚመነዝሩልን ሻጩና ማሽኑን ያቀረበለት ድርጅት ናቸው። ትርፋቸውንም በምንዛሪው ላይ ይጨምራሉ። ሆኖም ምርጫው የባለ ካርዱ ነው፤ ሻጩ በራሱ ፈቃድ ሊወስንልን አይገባም።

ስለዚህ ከአገራችሁ ውጭ ስትከፍሉ ሁልጊዜ ያላችሁበትን አገር ገንዘብ ምረጡ። ኤቲኤም ላይም "በዚህ ምንዛሪ ትስማማላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ "አልስማማም" በሉ፤ ገንዘቡን ያለዚያም ይሰጣችኋል። ተሳስታችሁ ከተጫናችሁ፣ ከዚያው ሳትርቁ ክፍያው ተሰርዞ እንደገና እንዲሠራ ጠይቁ። ከጉዞ በፊት ደግሞ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ በውጭ አገር ክፍያ ላይ ስንት እንደሚያስከፍል እወቁ። አንዳንዱ 3 በመቶ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ምንም አይወስድም። በዶላር ብትከፍሉም እንኳ ይህን የሚያስከፍል ባንክ አለ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቡና ስንገዛ ያው ጥያቄ መጣ። ባለቤቴ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረና፣ "እስቲ አንቺ አንብቢልኝ" አለኝ። ዩሮን ተጫንኩ። ቡናውን ይዘን ስንቀመጥ ስለ ተናገርኩት ይቅርታ ጠየቅሁት።

እንደ ተመለስን 40 ዶላሩን ከኪሳችን ለገንዘብ ያዡ ሰጠነው። "ይህቺ ምን አላት?" ብሎ ሊመልስልን ነበር። እኛ ግን ገንዘቡ የማን ላብ እንደ ሆነ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ እኔና ባለቤቴ ማሽን ሲጠይቀን አብረን እናነባለን፤ ከዚያ በኋላ ነው የምንጫነው።