በቅርንፉድ ደሴት አንድ ቀን

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ደሴት ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። የጣና ደሴቶች ያሉት በሐይቅ ውስጥ ነው። ዛንዚባር ግን ያለችው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። አገሩም ታንዛኒያ ነው። እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዳሬሰላም ወደብ በመርከብ ተነሣን። ሁለት ሰዓት ያህል በባሕር ላይ ሄድን። ጓደኛችን የደሴቲቱ ተወላጅ ነው። የተዋወቅነውም በዩኒቨርሲቲ ነው። ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልነው።

«ሦስት ሰዓት» አለን።

ሳቅን። በስዋሂሊ ቋንቋም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው ለካ! ሰዓትን «ሳአ» ይሉታል። መጽሐፍን «ኪታቡ» ይሉታል። እንግድነታችን ወዲያው ቀለለልን።

ጓደኛችን መጀመሪያ የወሰደን ወደ ቅርንፉድ እርሻ ነው። ዳላዳላ በሚባለው የሕዝብ መኪና ሄድን። ቅርንፉድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻይ ውስጥ የሚጨመር፣ ትንሽ ምስማር የሚመስል ቅመም ነው። ዛፉን ግን እኛ አይተነው አናውቅም ነበር። ቅርንፉድ ፍሬ አይደለም። ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። ዛፉ ረጅም ነው። ለቃሚው ዛፉ ላይ ወጥቶ እምቡጡን በእጁ ይለቅማል። ከዚያም በሰሌን ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። ሲደርቅ ይጠቁራል። ሽታውም መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል።

«ይህ ዛፍ የዚህ አገር አይደለም» አለን ጓደኛችን። «ከሩቅ ምሥራቅ ነው የመጣው። አያቶቻችንም ከሌላ ቦታ ነው የመጡት።»

ነገሩ ያኔ አልገባንም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ተመለስን። አሮጌው ከተማ የድንጋይ ከተማ ይባላል። መንገዶቹ በጣም ጠባብ ናቸው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ግድግዳ ይነካል። በሮቹ ከእንጨት የተቀረጹ፣ ትልልቅ የነሐስ ጉብጉብ ያለባቸው ናቸው። እያየን ስንሄድ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ጓደኛችን ዝም አለ።

ቦታው የባሪያ ገበያ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ዛንዚባርን ይገዙ የነበሩት ከኦማን የመጡ ሱልጣኖች ናቸው። ቅርንፉድ በብዛት እንዲተከል አደረጉ። ቅርንፉድ ደግሞ ብዙ የሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ከአፍሪካ ምድር ውስጥ ሰው እየተያዘ፣ በእግሩ እየተነዳ፣ በጀልባ እየተጫነ ወደ ደሴቲቱ መጣ። ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው። ባርነት ራሱ በሕግ የተሻረው ግን በ1897 ነው።

በግቢው ውስጥ አንድ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ አምስት ምስሎች ቆመዋል። አንገታቸው በሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ የእውነት፣ የዚያን ዘመን ሰንሰለት ነው።

«የቢቢ ቅድመ አያት በልጅነቷ እዚህ ተሸጠች ይባላል» አለን ጓደኛችን። ቢቢ ማለት አያት ማለት ነው። «በቤታችን ግን አይወራም። ስሟንም አላውቅም።»

ምን እንደምንለው ጨነቀን። ዝም ብለን ወደ ባሕሩ ዳር ሄድን።

በባሕሩ ዳር የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት የነበረ ነጭ ቤት አለ። ሰልማ የምትባል የሱልጣን ልጅ ነበረች። በዚያን ጊዜ ሴቶች ልጆች ማንበብ እንጂ መጻፍ አይማሩም ነበር። ሰልማ ግን ተደብቃ ተማረች። በግመል የትከሻ አጥንት ላይ ፊደል እየገለበጠች ራሷን አስተማረች። በ1866 አገሯን ትታ ወጣች። በ1886 የሕይወቷን ታሪክ በጀርመን አገር አሳተመች። ስለዚህ ዛሬ የምትበላውን፣ የምትለብሰውን፣ የተጫወተችበትን ሁሉ እናውቃለን። ለቤቷ ውሃ ይቀዱ የነበሩት ባሪያዎች ግን የጻፉት መጽሐፍ የለም። የብዙዎቹ ስም እንኳ ጠፍቷል።

ሲመሽ ወደ ጓደኛችን ቤት ሄድን። ቢቢ ከደጅ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቅርንፉድ የተጨመረበት ሻይ አጠጡን። ጓደኛችን ትንሽ ቆየና ጠየቃቸው።

«ቢቢ፣ ቅድመ አያትሽ ማን ነበር ስሟ?»

ፊታቸውን አዞሩ። «እንግዳ እያለ ይህ ይጠየቃል?» አሉ። እኛ ለመነሣት አሰብን። እሳቸው ግን በእጃቸው «ተቀመጡ» አሉን።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ሁለት ስም ነበራት። አንዱ የገዟት ሰዎች ያወጡላት ነው። በእሱ ነው የተቀበረችው። ሌላው እናቷ ያወጣችላት ነው። እሱን አያቴ በጆሮዬ ነገረችኝ። ለማንም አልተናገርሁትም።»

ስሙን ዝግ ብለው ተናገሩ። ጓደኛችን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ቢቢ ማንበብ አይችሉም። «የቱ ጋ ነው?» አሉ። ጓደኛችን ጣታቸውን ይዞ ቃሉ ላይ አሳረፈላቸው። ጣታቸውን ቶሎ አላነሡም።

ስሙን እዚህ አንጽፈውም። የቤተ ሰቡ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በመርከብ ተመለስን። ኪሳችን ውስጥ አንድ እፍኝ ቅርንፉድ ነበር። ሽታው ደስ ይላል። አሁን ግን ሻይ ውስጥ በጨመርነው ቁጥር ያ ጉድጓድ ትዝ ይለናል፤ የቢቢ ጣትም ትዝ ይለናል።

እናንተስ የአያታችሁን እናት ስም ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ የሚያውቅ ሰው ሳይሞት ጠይቁ። ሲነግራችሁም ጻፉት።