መንገጫገጭና ወረፋ

ሰው ለመጫወቻ ብሎ ከሠራቸው ነገሮች መካከል በፈረንጆች አጠራር «ሮለር ኮስተር» የሚባለው ባቡር እጅግ ያስገርማል። አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪዎቹን በሰንሰለት እየጎተተ ወደ ከፍታ ያወጣቸውና ቁልቁል ይለቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስኬደው ሞተር ሳይሆን የራሱ ክብደት ነው። ተሳፋሪው ይጮኻል፤ ሆዱ ወደ ጉሮሮው የወጣ ይመስለዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላም ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ይህን ባቡር እየተከተሉ ከአገር አገር የሚዞሩ ወዳጆች አሉት፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ፍጥነትና ስለ ከፍታ ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። አዘውትረው የሚከራከሩት ባቡሩ ምን ያህል እንደሚያንገጫግጭና ወረፋው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ነው።

የመጫወቻው ጥንት በሩሲያ ነው። በዚያ በብርዱ ወራት ከእንጨት ከፍ ያለ መንሸራተቻ ሠርተው ውኃ ያፈስሱበትና በረዶ ሲሆን ቁልቁል ይንሸራተቱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ላማርከስ ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ አጠገብ፣ ኮኒ አይላንድ በተባለው የባሕር ዳርቻ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ባቡር አቁሞ ለአንድ ጉዞ 5 ሳንቲም ያስከፍል ጀመር። እግሩ ፈጣን የሆነ ተማሪ በሩጫ ይቀድመዋል፤ ሆኖም በዘመኑ ሕዝብ ተጋፍቶበታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ተሳፋሪውን ዘቅዝቆ የሚያዞር ሐዲድ ለመሥራት ተመኙ። እ.ኤ.አ. በ1895 በዚያው በኮኒ አይላንድ የተተከለው ሐዲድ ፍጹም ክብ ነበር። ችግሩም ከዚህ መጣ፤ ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት ወደ ክቡ ሲገባ ተሳፋሪውን በድንገት ወደ ወንበሩ እየተጫነ አንገቱን ያሳምመው ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ለተከፈተ ባቡር ቨርነር ሽቴንግል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሐዲዱን እንደ ተገለበጠ የውኃ ጠብታ አድርጎ ነደፈው። ባቡሩ በሚፈጥንበት በታችኛው ክፍል ኩርባው ሰፊ፣ ፍጥነቱ በሚቀንስበት በላይኛው ክፍል ጠባብ ሆነ፤ አንገትም ዐረፈ።

የሐዲዱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መቀርቀሪያው ይላላል፤ በመንኰራኵሩና በሐዲዱ መካከል ክፍተት እየተፈጠረ ባቡሩ ይንገጫገጫል። እ.ኤ.አ. በ1959 በካሊፎርኒያ በዲዝኒላንድ የተሠራው ባቡር በክብ የብረት ቱቦ ላይ እንዲሄድ ስለተደረገ ጉዞው እጅግ ለሰለሰ። ታዲያ ክርክሩ በዚህ መቆም በተገባው ነበር፤ ነገር ግን አልቆመም። ከባቡሩ ወዳጆች ብዙዎቹ አሁንም የእንጨቱን ይመርጣሉ። መንገጫገጭ ሁሉ አንድ አይደለም ይላሉ፤ ከወንበር ብድግ የሚያደርገውን ይወዱታል፣ ጭንቅላትን ከመደገፊያው ጋር የሚያጋጨውን ይጠሉታል። የት መቀመጥ እንደሚሻልም ያውቃሉ። ከመንኰራኵሩ በላይ ያለው ወንበር ያንገላታል፤ በሁለት መንኰራኵሮች መካከል ያለው ይለሰልሳል። ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። በኮረኮንች መንገድ በአውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተጓዘ ሰው ሁሉ ከወገቡ ተምሮታል።

ወደ ወረፋው ስንመጣ ደግሞ ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። አንድ ባቡር 24 ሰው ይጭናል እንበል። በየሁለት ደቂቃው አንድ ባቡር ቢነሣ በሰዓት 720 ሰው ይሳፈራል። ከፊቱ 360 ሰው የተሰለፈ ወጣት ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል ማለት ነው። ከሁለቱ ባቡሮች አንዱ ተበላሽቶ መነሻው በየአራት ደቂቃው ቢሆን ግን ሰልፉ በአንድ ሰው እንኳ ሳይረዝም ጥበቃው አንድ ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ጎብኚ የሰልፉን ርዝመት ሳይሆን በሐዲዱ ላይ ያሉትን ባቡሮች ይቆጥራል።

ሰዓት የሚለካው ጥበቃና ልብ የሚለካው ጥበቃ ግን ይለያያሉ። ዴቪድ ማይስተር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ያለ ሥራ የሚጠበቅ ጊዜ በሥራ ከተያዘው እንደሚረዝም፣ መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃም ከሚታወቀው እንደሚከብድ አስረድቷል። በመዝናኛ ስፍራዎች «ከዚህ ቦታ 45 ደቂቃ» የሚል ሰሌዳ የሚተከለው ስለዚህ ነው። ማይስተር እንደሚለው አድልዎ ያለበት ወረፋም ከሌለበት ይልቅ የረዘመ ይመስላል። በዛሬው ጊዜ በብዙ የመዝናኛ ስፍራዎች ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው በሌላ በር ገብቶ ይቀድማል። ባለቤቶቹ ይህን አገልግሎት ይሉታል፤ በፀሐይ ቆሞ ለሚያየው ግን ባለገንዘቡ የእርሱን ጊዜ መግዛቱ ነው።

ወረፋው ራሱ ደስታ የሚሆንበት መጫወቻም አለ። በጎረቤት አገር በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ቦታ አጠገብ «አል ሞግራን» የሚባል የቤተሰብ መናፈሻ ለብዙ ዓመታት ነበር። የስሙ ትርጉም «መገናኛ» ማለት ነው። በመናፈሻውም እ.ኤ.አ. በ1893 ጆርጅ ፌሪስ በቺካጎ ያቆመውን የመሰለ፣ ነገር ግን ከእርሱ እጅግ ያነሰ፣ ሰው የሚያሳፍር መንኰራኵር ቆሞ ነበር። የካርቱም ፀሐይ ቀን ስለማታስወጣ፣ የዕረፍቱ ቀንም ዓርብ ስለሆነ፣ ቤተሰቦች ወደ መናፈሻዎቹ ይወጡ የነበረው ዓርብ ወደ ማታ ነበር።

እንዲህ ያለው መንኰራኵር አያንገጫግጭም። ከታች አንዱ ሲወርድና ሌላው ሲሳፈር መቆም ግድ ስለሆነበት ከላይ ያለው ሰው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ ከጉዞው ሁሉ የሚናፍቀውም ያ ጥበቃ ነው። በሞግራን ከላይ ሆኖ ሲመለከቱ የሁለቱ ወንዞች መገናኛ ይታይ ነበር። በክረምት ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ የጠረገውን አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ይደርሳል፤ ነጩም ከጎኑ ይፈስሳል፤ ሁለቱ ቀለሞች ወዲያው ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በካርቱም ከደርግ ዘመን ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ስለነበር ለእነርሱ ያ የደፈረሰ ውኃ የአገር ቤት አፈር ነበር። ማንም ባለ ፈጣን ባቡር እንዲህ ያለውን ዕይታ በሁለት ደቂቃ አይሰጥም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኃይል መካከል በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የሞግራን ሰፈርም የውጊያ ቦታ ሆነ፤ ጦር ሠራዊቱ ከተማይቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሱዳናውያንና በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአስር ሺዎች እየሆኑ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባትና መተማ ወጡ። በሐዲዱ ባቡር መንገጫገጭ ደስ የሚያሰኘው ተሳፋሪው ወድዶ ስለሚገባበትና የት እንደሚያበቃ ስለሚያውቅ ነው፤ ወረፋውም የሚቻለው መጨረሻው ስለሚታይ ነው። በገዳሪፍ መንገድ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ሕፃን የታቀፈች እናት በአውቶቡስ የመካከለኛውን ወንበር ካላገኘች በኋለኛው ላይ ትቀመጣለች፤ እርሱም ከሌለ በጭነት መኪና ዕቃ ላይ ትሳፈራለች። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ደግሞ ዝናቡ የድንበሩን ጥቁር አፈር ጭቃ አደረገው። በዚያ ወራት በመተማ የሚደርሰውን መንገደኛ በኋላ የሚመጡ ዘመዶቹ በስልክ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነበር፤ መንገዱ እንዴት እንደሆነና ድንበሩ ላይ ስንት ቀን እንደሚያቆም።