ራቭ ፎሩና ያልተገዛው ሰዓት

ታላቅ ወንድሜ በ2008 ዓ.ም. ለፋሲካ ከአሜሪካ ሲመጣ ሁለት ነገር አስቦ ነበር። ለቤተሰቡ መኪና፣ ለራሱ ደግሞ ሮሌክስ ሰዓት። ለመኪናው የያዘው ገንዘብ አንድ ያረጀ ኮሮላ ዲኤክስ ይገዛል። ሰዓቱ ሰባት ሺህ ዶላር ያህል ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ 150,000 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ገንዘብ በመኪናው ላይ ከተጨመረ ግን ዲኤክሱ ይቀርና ከመሬት ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት ራቭ ፎር ይገኛል። ለአስፋልት ዲኤክሱ ይበቃል። ለአገራችን ለመንዝ መንገድ ግን አይበቃም።

ሰዓቱን የፈለገው ለታይታ አልነበረም። ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ጠብቆ፣ ኋላም ታክሲ ነድቶ ኖሯል። ጉልበቱ በሰዓት እየተተመነ፣ ከእንቅልፉ እየቆረሰ ለእኛ ልኳል። እኔ መምህራን ኮሌጅ የጨረስኩት፣ እህታችን የተዳረችው፣ የእናታችን ቤት የጓሳ ሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ የለበሰው በእሱ ገንዘብ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለራሱ ይህን ገዛ የሚባል ነገር አላየንበትም። የሰዓቱን ፎቶ በስልኩ እያሳየኝ "አንድ እንኳ የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ይኑረኝ" አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ሰዓት ምን ያደርግልሃል ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አልጠየቅሁትም።

ሌላም መከራከሪያ ነበረው። እዚያ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች፣ መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል፣ ጥሩ ሰዓት ግን ዋጋውን ይዞ ይቆያል ይላሉ። ለዚያ አገር እውነት ነው። ወንድሜ በመጣ በዓመት ከመንፈቁ፣ በኅዳር 2010፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረች አንዲት ፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ልትጫረት ተዘጋጅታ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶባት ከጨረታው ወጥታለች። እዚያ ሰዓት እንደ ርስት የሚካሰሱበት ሀብት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የመኪናን ዋጋ ቀረጡና የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ደግፈው ያቆሙታል። ዓመታት የተነዳ ኮሮላ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ያላየ የከተማ ሰው የለም። ሮሌክስ ይዞ ለመሸጥ የሚወጣ ሰው ግን መጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ቅጂው መርካቶ በርካሽ ሞልቷልና።

የፋሲካ ማግስት መንዝ፣ ከአባታችን ቤት፣ ጉዳዩ ተነሣ። አባታችን ቄስ ናቸው። ሰዓት አስረው አያውቁም፤ ፀሐይ ላይ ቆመው ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ነው የጾሙን ሰዓት የሚያውቁት። ለመኪናው ይፈርዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ምስሉን አስተውለው አዩና "ቀንም ይቆጥራል እንዴ?" አሉ።

ይቆጥራል። መምህር ነኝና ማስላት ጀመርኩ። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው፤ የሰዓቱ መስኮት ግን እስከ 31 ይሄዳል። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር በእጅ እያዞሩ ማሳለፍ ይጠይቃል፤ ጳጉሜን ሲያልቅማ ከ5 ወይም ከ6 ተነሥቶ እስከ 1 ድረስ መዞር አለበት። በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እንደ አሞላሉ ወይ ንጋት ወይ ምሽት።

"እንግዲያው ምሽት ላይ ይሁን" አሉ አባታችን። "በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀን የሚገባው ከዋዜማው ነው።" ከዚያ ስልኩን መለሱለትና "ልጄ፣ የደከምክበት ገንዘብ ነው። ደስ ካለህ ግዛው" አሉት።

እናታችን ጓዳ ነበረች። ቡናውን ይዛ ስትወጣ ስለ ሰዓትም ስለ መኪናም አላነሣችም። "ያን ክረምት አክስትህን ይዘው ሲወጡ" አለች፣ "አባትህም ከቃሬዛው ሥር ነበሩ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጭቃ።" ሌላ ቃል አልጨመረችም። በእኛ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ሲወጣ ተሸካሚው ጎረቤቱ ሁሉ ነው፤ እየተፈራረቀ ዳገቱን ይገፋዋል፤ ካህን ነኝ፣ ሸምግያለሁ ብሎ ከዚያ የሚቀር የለም። አክስታችን ከመኪና መንገድ ሳትደርስ ነበር ያረፈችው። ወንድሜ ይህን በስልክ ሰምቶ ያውቃል። ፊት ለፊት ሲነገረው ግን ሲኒውን አስቀምጦ ወደ ደጅ ወጣ።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ራቭ ፎር ፍለጋ ዞርን። ሁሉም ደላላ መኪናው "አንድ እጅ የተነዳ" መሆኑን ይምላል። እኛ ግን ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ፣ አንድ የምናውቀውን መካኒክ ይዘን ነበር። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጭስ መኖሩን አየ፤ ከሥር ገብቶ ሻንሲው ብየዳ እንዳለበት ዳሰሰ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ሁለቱን ጣለ። ሦስተኛው አረንጓዴ ራቭ ፎር ነበር፤ ቀለሙ አልፎ አልፎ ተልጧል፣ ሞተሩ ግን አልተነካም። ውልና ማስረጃ ገብተን ውሉን ተፈራረምን። ስሙ ወደ ወንድሜ ዞሮ ውክልናው ለእኔ ተሰጠ። ያን ቀን ወንድሜ ከቢሮው ደጃፍ ቆሞ አሜሪካ ላለው ጓደኛው ደወለ፤ ሰዓቱ እንዳይያዝለት ነገረው። ድምፁ ደኅና ነበር። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ወደ አገር ቤት ስንነዳ ሸኖ ላይ ስለ አበበ ቢቂላ አነሣን። እሱም የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፤ የተወለደው በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ በመንዲዳ አጠገብ ጃቶ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ሲያመጣ፣ ሰዓት የሚለካው ሴኮ ነበር፤ ያ ኦሊምፒክ ኩባንያውን በዓለም ላይ አስጠርቶታል። ጃንሆይ የሸለሙት ግን መኪና ነው፤ ነጭ ቮልስዋገን። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ በዚያው መኪና ሸኖ አጠገብ ተገለበጠና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። በዚያ መንገድ የሚያልፍ የሸዋ ሰው ይህን ሳያስብ ያልፋል ብዬ አላምንም። ወንድሜ ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሸኖን በዝግታ ነው የማልፈው።

ከደብረ ብርሃን ወጥተን ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ ወርዶ የመኪናው አፍንጫ አይታይም ነበር። ወደ ግራ ታጠፍን፤ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ የሚያወጣው ጠጠር። ዲኤክስ ቢሆን ኖሮ ሆዱ ድንጋዩን እየላሰ ይሄድ ነበር። ራቭ ፎሩ ወጣው።

ወንድሜ ተመልሶ ሄደ፤ መኪናውና ጣጣው ከእኔ ጋር ቀረ። መኪና ያለው ሰው በገጠር ምን እንደሚጠብቀው መናገር አለብኝ፤ ከውጭ የሚልኩ ሰዎች ይህን አያውቁትም። ሰርግ ሲሆን መኪናው ለሙሽራ ይፈለጋል፤ ለቅሶ ሲሆን ለእንግዳ፣ ክርስትና ሲሆን ለበግና ለጠላ። እምቢ ያልከው ሰው ዓመት ሙሉ ይቀየምሃል። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በጀሪካን በእጥፍ ይገዛል። ጎማ በጠጠሩ ይበላል፣ ሞላ ይሰበራል፤ መለዋወጫው አዲስ አበባ ነው። ቦሎ በየዓመቱ፣ የሦስተኛ ወገን መድን በየዓመቱ። የመምህር ደመወዝ ይህን አይችልም። ስለዚህ ወንድሜ ለመኪናውም መላክ ጀመረ። ሰዓት ቢገዛ ኖሮ ሰዓቱ ከማንም ምንም አይጠይቅም ነበር።

በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜን ሸዋ ወረደ። ሸዋ ሮቢት ደረሰ ሲባል፣ ደብረ ሲና ደረሰ ከመባሉ በፊት፣ መንገዱ ሳይዘጋ መውጣት ነበረብን። አባታችን "ታቦቱን ጥዬ የት እሄዳለሁ" ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቀሩ፤ ለምነን አልሆነም። እናታችንን ከፊት አስቀመጥኳት። ከኋላ ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን፣ እናቷ፣ ሁለት ሴቶች ከነልጆቻቸው። ከዕቃ መጫኛው ላይ ሕፃናት፣ በባና ተጠቅልለው። ሌሊት ነበር የተነሣነው። መንገዱ ዳር ለዳር ሰው ይሄዳል፤ አህያ የጫነ፣ ሽማግሌ ያዘለ፣ በግ የሚነዳ። እየቆምኩ ማንን እጨምራለሁ? አንዲት እናት ሕፃን ልጇን በመስኮት ልታቀብለኝ ዘረጋች፤ እናቴ ተቀበለቻትና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ እናትየዋን ከኋላ በግድ አስገባናት። ከዚያ በኋላ ለማንም አልቆምኩም። ጣርማበር ላይ ኬላው እስኪያሳልፈን በጉሙ ውስጥ ተሰለፍን። ደብረ ብርሃን ስንገባ ነግቷል፤ ከተማዋ ከወሎ በተፈናቀለው ሰው ሞልታ ነበር።

ነፍሰ ጡሯ በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ወለደች። አባታችንንም፣ ተመስገን፣ በሕይወት አገኘናቸው።

ከዚያ ወዲህም ሰላም አልሆነም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ራቭ ፎሩ ለወራት በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መኪና ሀብት ብቻ ሳይሆን ስጋትም ነው፤ አይደበቅም፣ ኪስ ውስጥ አይገባም። ይህን እያወቅሁም እንኳ የ2008ቱ ምርጫችን ትክክል ነበር እላለሁ።

ዋጋውን ካነሣን ደግሞ፣ በ2016 መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ያገለገለ መኪና ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። ለአረንጓዴው ራቭ ፎር አሁን የሚሰጡን ዋጋ ከገዛንበት በብዙ ይበልጣል። እርግጥ ሰዓቱም እዚያው አሜሪካ ቢሸጥ ያተርፍለት ነበር፤ ወንድሜ ራሱ ነግሮኛል፣ ሲነግረኝም ቅሬታ አላሰማም።

ቅሬታው የእኔ ነው። ያ ምርጫ ከመጀመሪያው የአንድ ሰው ሸክም መሆን አልነበረበትም። መኪናው የእኛ ነው፤ የተጠቀምንበት እኛ ነን፤ የተከፈለው ግን እሱ ለራሱ ብቻ ከተመኘው ነገር ላይ ነው። እኔና እህቴ የራቭ ፎሩን ዋጋ ስንሰማ የመጀመሪያው ሐሳባችን ሸጠን ገንዘቡን እንመልስለት የሚል ነበር። "እማዬ በምን ትሄዳለች?" ብሎ ከለከለን። ስለዚህ መኪናው ይቆያል፤ እኛ ደግሞ ከደመወዝ ከንግዳችን እየቀነስን በባንክ እናስቀምጣለን። ሮሌክስ ላይ አንደርስም። ጥሩ ሴኮ ላይ ግን እንደርሳለን።

ወንድም እህት ከውጭ የሚልክላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ ስለሚላከው ገንዘብ ከማውራታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ በዚህ ዓመት ለራስህ ምን ገዛህ? ለራስሽ ምን ገዛሽ? መልሱ ምንም ከሆነ፣ ቢያንስ ያን ወር አትጠይቁ።