የባሕረኛው አያቴ መዝገብ፤ ከአምቦ እስከ ወመዘክር

አምቦ በጠበሏና በማዕድን ውሃዋ የታወቀች የወይና ደጋ ከተማ ናት፤ የባሕር ነገር ለሰዎቿ ሩቅ ነው። የእናቴ አባት ግን ከዚህ ተነሥተው ምጽዋ ወርደው ባሕረኛ ሆኑ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በጦርነት ከተያዘች ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ መጠየቅ ይቻላል፤ እንዲህ ያለውን አቤቱታ በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ መዝግቤ ዐውቃለሁ። አኮ እያልን የምንጠራቸው ሴት አያቴ ግን «ጠፋ የሚል ፍርድ አልሻም፤ በመጨረሻ የት እንደ ነበረ ንገሩኝ» ይላሉ።

ስለዚህ በጀርባው «ምጽዋ 1955» የተጻፈበትን ፎቶግራፋቸውን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተነሣሁ። መንገዱ በጊንጪና በአዲስ ዓለም አልፎ ሆለታ ይደርሳል፤ በዚያም በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ነበረ። ጦር ትምህርት በደጃቸው ሳለ አያቴ እስከ ቀይ ባሕር መሄዳቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ቤት ነው። በዚያ ተቀምጬ ስለ ባሕር ኀይላችን የተጻፈውን አገላበጥሁ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ አስቀድሞ «ኦርካ» ትባል ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላም ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የመርከቢቱ ታሪክ እንዲህ ከነዓመቱ ሲገኝ የባሕረኞቿ ግን እንዲሁ አይገኝም፤ የእያንዳንዱ ወታደር የአገልግሎት ማኅደር የሚጠየቀው ከመከላከያ ሚኒስቴር ነውና።

የመዝገብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስምን ነው፤ ይህም በእኛ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ይታወቃል። ከዚህም በላይ አያቴ በቤት የሚጠሩበት የኦሮምኛ ስም ነበራቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የክርስትና ስም፤ በውትድርናም መዝጋቢው እንደ ሰማው ያሰፈረው ሌላ ስም። የመለያ ቍጥር ከተገኘ ግን ስሙ ቢለዋወጥም ሰውየው አይሳትም።

ቍጥሩን ያገኘሁት ከአኮ ሣጥን ነው። በጨርቅ ጠቅልለው ካኖሩት ደብዳቤ ፖስታ ላይ ከላኪው ስም አጠገብ ተጽፏል። አኮ ማንበብ አይችሉም፤ ያንን ፖስታ ይህን ያህል ዘመን ያስቀመጡት ከእርሳቸው እጅ የመጣ ስለ ሆነ ብቻ ነው።

ሦስቱን ስሞችና ቍጥሩን በማመልከቻ አስፍሬ አስገብቻለሁ። አኮም በየቅዳሜው ከገበያ ሲመለሱ በደጄ ቆም እያሉ «ወረቀቱ መጣ ወይ?» ይሉኛል።