የእናታችን ጆሮና ያለ ሽቦ የሚመጣ ድምፅ

በራያ ቆላ፥ በቆቦ ከተማ በሚገኘው ቤታችን፥ የባቄላ ፍሬ የምታህል አንዲት መሣሪያ ገብታ በቤተ ሰባችን መካከል ያደረገችውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። መሣሪያይቱ የብሉቱዝ አዳፕተር ትባላለች። ሥራዋም ብሉቱዝ የሌለውን ኮምፒዩተር ከጆሮ ማዳመጫ፥ ከስልክና ይህን ከመሰለ ዕቃ ጋራ ያለ ሽቦ ማገናኘት ነው። ዋጋዋ ጥቂት፥ አካልዋም ኢምንት ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ልጆች መጫወቻ ይቈጥራታል፤ እኛም አስቀድመን እንዲሁ ቈጥረናት ነበር።

እናታችን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሲሆን ጆሮአቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄዷል። ታናሽ እኅታችን ደግሞ የራያ ልጆች ብዙዎች እንደሚያደርጉት ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሻግራ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት ታገለግል ነበር። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመለሰ ጊዜ ከተመላሾቹ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን መንገዱ ከዚያ በኋላ አልቀረምና ሌሎች ተከትለው ሄዱ። እኅታችንም ከእነዚህ አንዷ ናት።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ስልክም መብራትም ተቋርጦ፥ እርስዋ የእኛን ሞት፥ እኛም የእርስዋን ጭንቀት እያሰብን ወራት አሳለፍን። ሁለተኛም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ድምፅዋን አልፎ አልፎ ብንሰማ እንኳ ፊቷን ለማየት አልቻልንም። ስለዚህ መስመሩ በተመለሰ ጊዜ እኅታችን በደወለች ቍጥር ቤቱ በሙሉ በአንዲት ትንሽ ስልክ ዙሪያ ይከማች ነበር።

ያ ጭውውት ግን ጭውውት ሊባል የሚገባው አልነበረም። እናታችን እንዲሰሙ የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው ይለቀቃል፤ እርሳቸውም ድምፃቸው የሚደርስ አይመስላቸውምና ዞብል ተራራ ላይ ያለ እረኛ እንደሚጣራ አድርገው ይጮኻሉ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ «ልጂቱ ደወለችን?» እያለ ይገባል፤ ቡና ተፈልቶ ከሆነማ የሚወጣ የለም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እኅታችን የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ደኅና ነኝ፥ ምንም አልሆንሁ።» እኛም ይህን ቃል ሰምተን ደስ ብሎን እንበተን ነበር።

አንድ ቀን ግን እናታችን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲያዩ ተመለከትንና ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው። «ከንፈርዋን ካላየሁ ቃልዋ አይገባኝም፤ በዚህች መስታወት ደግሞ ከንፈርዋ የስንዴ ፍሬ ታህላለች» አሉን። ለካስ እስከዚያ ቀን ድረስ የልጃቸውን ነገር ይገምቱ ነበር እንጂ አይሰሙም ነበር! ለጽሕፈት ሥራችን የምንገለገልበት ከጠረጴዛ የማይነሣ አሮጌ ኮምፒዩተር በቤት ስለ ነበረን፥ በእርሱ ሰፊ መስታወት ፊቷን እናሳያቸው ብለን ኢሞ የሚባለውን መነጋገሪያ ጫንንበት፤ ካሜራና ማይክ በአንድነት ያሉበትንም ዕቃ ገዛን። የፊቱ ነገር ተቃና። የድምፁ ነገር ግን ከቀድሞው ባሰ፤ የኮምፒዩተሩ ስፒከር ጎዳና ድረስ ይሰማልና።

ያለ ሽቦ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ እንዲገዛ የመከረን የእኅታችን ልጅ ነው። ባለ ሽቦው ለእናታችን አልሆናቸውም፤ ነጠላቸውን ባጣፉ ቍጥር ገመዱ አብሮ እየተጐተተ ይነቀል ነበር። ነገር ግን ኮምፒዩተራችን ብሉቱዝ የሌለው ሆኖ ስለ ተገኘ ከአንድ ሱቅ ሄደን አዳፕተር ስጡን አልን፤ ሰጡንም። ይዘን መጥተን ብንሰካው የብሉቱዝ ምልክት አልወጣም። ግማሽ ቀን ከደከምን በኋላ የተሰጠን ዋይፋይ መቀበያ እንደ ሆነ ታወቀ። ሁለቱ ዕቃዎች በመልክ እንደ መንታ ስለሚመሳሰሉ የሚገዛ ሰው በመያዣው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይግዛ። የሆነ ሆኖ ገንዘቡ ከንቱ አልቀረም፤ ከስልካችን ኢንተርኔት ወደ ኮምፒዩተሩ የምናሳልፈው በእርሱ ሆነ። እውነተኛውን የብሉቱዝ አዳፕተር ወደ ወልድያ የሚሄድ ዘመድ አምጥቶልናል።

ብሉቱዝ የሚለው ስም ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ትርጓሜው «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነውና። ይህ በ10ኛው መቶ ዓመት በዴንማርክ ነግሦ አገሩን አንድ ያደረገው የንጉሥ ሐራልድ ቅጽል ስም ነው። በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ የነበሩ የኤሪክሰን ኩባንያ መሐንዲሶች በፈረንጆች 1994 ዓ.ም. ሥራውን ጀመሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ኤሪክሰን፥ ኢንቴል፥ ኖኪያ፥ አይ ቢ ኤምና ቶሺባ ማኅበር አቆሙ። ንጉሡ የተለያየውን ሕዝብ አንድ እንዳደረገ መሣሪያውም የተለያየውን ዕቃ ያገናኛል በማለት ስሙ ለጊዜው ተሰጠ፤ የተሻለ ሲጠፋም ጸና። በዕቃው ላይ የሚታየው ምልክት የንጉሡ ስምና ቅጽል መጀመሪያ ፊደሎች በጥንታዊው የሰሜን ሰዎች ጽሕፈት ተጣምረው የተሣሉበት ነው።

አሠራሩም ይህን ይመስላል። ብሉቱዝ የሚናገረው 2.4 ጊጋሄርዝ በሚባለው የራዲዮ ማዕበል አካባቢ ሲሆን ይህን ስፍራ በ79 መንገዶች ከፍሎ በአንድ ሰኮንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በቆቦ ገበያ ሕዝብ በተጨናነቀ ጊዜ ሁለት ሰዎች የሚዛወሩበትን ስፍራ አስቀድመው ተስማምተው፥ እዚህ አንድ ቃል፥ እዚያ አንድ ቃል ቢነጋገሩ ሌላው ሰው ነገራቸውን ለቅሞ ለመስማት እንደሚቸገር ያለ ነው። የሚዘሉበትንም ሥርዓት የሚስማሙት መጀመሪያ ሲተዋወቁ ነው።

ይህ መተዋወቅ ለእኛ አንድ ሌሊት ፈጅቶብናል። አዳፕተሩን በዩኤስቢ ቀዳዳ እንደ ሰካነው ዊንዶውስ 10 ራሱ አውቆ ተቀበለው፤ ከዕቃው ጋራ የመጣችው ትንሽ ሲዲ አላስፈለገችም፤ ብታስፈልግም ኮምፒዩተራችን ሲዲ የሚያነብበት የለውም። ከዚህ በኋላ በሴቲንግ ገጽ ብሉቱዝን ከፍተን አዲስ ዕቃ ጨምር የሚለውን ተጫንን፤ የማዳመጫውንም ቍልፍ ቀይና ሰማያዊ መብራት እየተፈራረቀ እስኪበራ ድረስ ያዝን። ስሙ በመስታወቱ ላይ ወጣ፤ ወዲያውም ጠፋ። ደግመን ብንሞክር እንዲሁ ሆነ። እኩለ ሌሊት ሲሆን የእኅታችን ልጅ ከመኝታው ተነሥቶ «ስልኬ ብቻውን ይጮኻል» እያለ መጣ። ማዳመጫው አስቀድሞ በእርሱ ስልክ ተሞክሮ ኖሮ፥ የቀድሞ ጌታውን አልረሳ ብሎ በተከፈተ ቍጥር ወደ እርሱ ይሮጥ ነበር! የስልኩን ብሉቱዝ ብናጠፋ ማዳመጫው ያን ጊዜውን ለኮምፒዩተሩ ገባ።

ሆኖም ድምፁ ገና ከስፒከሩ ይወጣ ነበር። በመስታወቱ ታችኛው ቀኝ ማዕዘን ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭኖ መውጫውን ወደ ማዳመጫው ማዞር ያስፈልጋል። በዚህም ስፍራ ማዳመጫው በሁለት ስም ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ ስቴሪዮ የሚባለው፥ ጥሩ ድምፅ የሚሰጠው ነው፤ ሁለተኛው የማዳመጫውን ማይክ ጭምር የሚያሠራው ሲሆን ለንግግር የተዘጋጀ ይባላል እንጂ ድምፁን ያቀጥነዋል። ምክንያቱም በቀድሞው ብሉቱዝ መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ መስማትንና መናገርን በአንድነት ሲሸከም ጥራቱ ይቀንሳል። ለደኅና ጆሮ ይህ ምንም አይደለም፤ ለእናታችን ግን ልጃቸው በማድጋ ውስጥ ሆና የምትናገር መሰላቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መስሚያውን ስቴሪዮ አድርጎ፥ መናገሪያውን የካሜራውን ማይክ መምረጥ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል።

የመጀመሪያው ንግግር የተደረገው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ማታ ነው። ድምፁ እየተቈራረጠ አስቸገረን፤ ሁለቱን መንታ ዕቃዎች በኮምፒዩተሩ ጀርባ ጐን ለጐን ሰክተናቸው ስለ ነበር፥ ሁለቱም በአንድ ማዕበል ይነጋገራሉና ዋይፋዩ ብሉቱዙን ይጋፋው ኖሯል። ብሉቱዙን ነቅለን በአጭር መቀጠያ ገመድ ወደ ፊት ለፊት ብናመጣው ጠራ። እናታችን ማዳመጫውን ከሻሻቸው ላይ ደፍተው ዝም ብለው ቈዩ። ከንፈርዋ ቀድሞ ድምፅዋ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የብሉቱዝ ጠባይ ነውና ፈጽመን ልናጠፋው አልቻልንም። ስለዚህም ነገር ብናዝን እርሳቸው፥ «መብረቁ በዞብል በኩል ይታያል፤ ነጐድጓዱ ቈይቶ ይመጣል፤ ይህ አዲስ ነገር ነውን?» ብለው ገሠጹን።

ቀጥለውም የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ በጆሮአችን አለ፤ «ልጄ፥ ድምፅሽ ለምን ሻከረ?» አሏት።

ያን ሁሉ ወራት በስፒከሩ የሰማን እኛ፥ ጆሮአችን ደኅና የሆነው፥ የድምፅዋን መሻከር አላስተዋልንም። የምትመልሰውን አሁን አልሰማንም፤ በመስታወቱ ላይ ግን ፊቷን አየን። እናታችን ወደ እኛ ሳይዞሩ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱን። እኛም መሣሪያውን የተከልን እኛ ሆነን ሳለ ከገዛ ጽሕፈት ቤታችን ወጣን። እውነት ለመናገር ቅር አለን።

ከዚያ ወዲያ የእኅታችን ወሬ ወደ እኛ የሚደርሰው እናታችን በወደዱት መጠን ሆነ። «ደኅና ናት» ይላሉ፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ደስ ብሏቸው አይደለም። እኅታችን ለቤቱ ቆርቆሮ መለወጫ የላከችውን ገንዘብ በኅዳር ወር ልናወጣ ብንል «ቆርቆሮው ይቈይ» ብለው ከለከሉን፤ ማሽላው ተሰብስቦ በተሸጠ ጊዜም የተገኘውን በዚያው ላይ ጨመሩት። እኛ ዕድሜ የሚያመጣው ስስት መስሎን ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በማዳመጫው ባትሪ ምክንያት ነው። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ስለ ነበር ማዳመጫው በሚገባ አልተሞላም፤ በንግግሩ መካከል ጠፋ። ማዳመጫ በጠፋ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ድምፁን ሳይጠይቅ ወደ ስፒከሩ ይመልሳል። እኛም በሚቀጥለው ክፍል ሳለን የእኅታችን ድምፅ በድንገት ቤቱን ሞላው፤ «... ስድስት ወር ደመወዜን አልሰጡኝም፤ ለወንድሞቼ ግን አደራ እንዳትነግሪ ...» አለ። ሮጠን ገብተን ስፒከሩን ዘጋን። እናታችን ግን ድምፁ ከጆሮአቸው መጥፋቱን እንጂ ወደ ቤቱ መውጣቱን አላወቁም ነበርና የእኛን ፊት አይተው ተረዱ። ጥቂት ቈይተው «የሰማችሁትን እዚሁ ተዉት» አሉን።

ተውነው። ስለ ገንዘቡም ዳግመኛ አልጠየቅንም፤ የመመለሻዋ መሳፈሪያ እንደ ሆነ ገብቶናልና። እኅታችን በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ወደ ቤትዋ ተመለሰች። ከደመወዝዋ የተቀበለችው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ጤንነትዋን ግን ይዛ መጥታለች፤ ድምፅዋም ውሎ አድሮ ተመለሰ። ከእናታችን ጋራ ስትነጋገር ፊት ለፊታቸው ትቀመጣለች፤ እርሳቸውም ከንፈርዋን ያያሉ።

መሣሪያይቱ ሥራ ፈትታ ብዙ አልቈየችም። ልጃቸው በሪያድ የሚኖር ጎረቤታችን እትዬ፥ ጆሮአቸው ደኅና ሲሆን፥ አንድ ቀን ወደ እናታችን መጥተው በሹክሹክታ ሲነጋገሩ አየን፤ ለጆሮ ደካማ ሰው በሹክሹክታ መናገር ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ገርሞን ነበር። በማግሥቱ ማታ እናታችን ማዳመጫውን ሞልተን እንድንጠብቅ አዘዙን። እትዬ ከመጡ በኋላ መውጫውን ወደ ስቴሪዮ፥ መናገሪያውን ወደ ካሜራው ማይክ አዞርን፤ የስፒከሩንም ገመድ፥ ከቀድሞው ነገር ተምረን፥ ከነአካቴው ነቀልነው። የልጃቸው ፊት በመስታወቱ ላይ ሲወጣ እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ እኛም በሩን ገጥመን ወጣን።