በጋንደር ከተማ ያየነው የሙዚቃ ቴአትር

በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ ጋንደር የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። የአይሮፕላን ጣቢያዋ ግን ከስፋቷ ጋር የሚመጣጠን አይደለም፤ በቀድሞው ዘመን አትላንቲክ ውቅያኖስን የሚሻገሩ አይሮፕላኖች ነዳጅ የሚቀዱት በዚያ ነበርና። እኛም በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ወደዚህች ከተማ የተጓዝነው፣ የራሷን ታሪክ በራሷ መድረክ ላይ በዘፈን ስታሳይ ለመመልከት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአገራችን ዕንቁጣጣሽ ሲከበር፣ በኒው ዮርክና በዋሺንግቶን ላይ የታወቀው አደጋ ተጣለ። የአሜሪካ ሰማይ ስለ ተዘጋ 38 የመንገደኛ አይሮፕላኖች በጋንደር እንዲያርፉ ታዘዙ፤ ወደ 7,000 የሚጠጋ እንግዳም ወረደ። የከተማዋ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 10,000 ያህል ብቻ ነበር። አድማ መትተው የነበሩት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂዎች ጠባቸውን ትተው መሪ ጨበጡ፤ የበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ የምግብ ማቀዝቀዣ ሆነ፤ በአይሮፕላኖቹ ሆድ ውስጥ የቀሩት ውሾችና ድመቶች እንኳ የሚመግባቸው ሰው አላጡም።

አይሪን ሳንኮፍና ዴቪድ ሃይን የሚባሉ ካናዳውያን ባልና ሚስት በዐሥረኛው ዓመት መታሰቢያ ወደ ስፍራው ሄደው፣ የነዋሪዎቹንና የመንገደኞቹን ቃል ሰብስበው ቴአትሩን ደረሱ። «ከም ፍሮም አዌይ» አሉት፤ የደሴቲቱ ሰዎች ከውጭ የመጣን ሰው የሚጠሩበት አነጋገር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደ አዳራሹ የገባነው እያመነታን ነው። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ባለቀበት ቀን ላይ መዝፈንና መሳቅ ይገባልን? መጋረጃው ሲገለጥ ቫዮሊኑ፣ አኮርዲዮኑና ከበሮው ሐሳባችንን ቀደሙት። ዐሥራ ሁለት ተዋንያን ብቻ ናቸው፤ ባርኔጣ ሲለውጡ ነዋሪው መንገደኛ ይሆናል፣ ወንበሮቹንም ሲያዞሯቸው መጠጥ ቤቱ አይሮፕላን ይሆናል። እግራችን ሳናውቀው መሬቱን ይመታ ጀመር።

ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ግን እንደ ዳኛ ነበሩ። አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከብዙ ሰዎች ታሪክ ተውጣጥቶ የተሠራ ስለ ሆነ፣ «ይህ ልክ ነው»፣ «ይህስ ሌላ ሰው ነበር» እያሉ በሹክሹክታ ያርሙ ነበር። እኛም መድረኩን ትተን እርሳቸውን እስከ ማድመጥ ደረስን።

ከዚያም ልጇ በኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነች አንዲት መንገደኛ ስልክ ይዛ ወሬ ስትጠብቅ ታየች። ዘፈኑ ዝግ አለ። በዚህ ጊዜ ባልቴቲቱ ምንም አላረሙም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ እስኪያልቅም ድረስ መልሰው አላደረጉትም።