ረመጥና ዳዴ የሚል ልጅ፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

በቤት ውስጥ በሕፃናት ላይ ስለሚደርሰው የእሳት አደጋ ለመጻፍ ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር ፊቴ ላይ የሚደቀነው የአዲስ አበባ የከሰል ምድጃ ሳይሆን አንድ የምዕራብ ጎጃም ማጀት ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደዚያ ይዣችሁ ልሂድ።

ጉዞዬ በ2012 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግስት ነበር። አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንና ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከፍኖተ ሰላም ሲያደርሰን ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስትሆን የጥንት ስሟ ወጀት ነው። እዚያው አድሬ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ማንኩሳ አቅጣጫ ሄድኩና ከአስፋልቱ ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝኩ። የጎጃም ገጠር በጥር ያማረ ነው፤ እህሉ ታጭዶ ተከምሯል፣ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፣ በየደጁ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። አክስቴ ደጇ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

የአክስቴ ዋናው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ማጀቱ ግን እንደ ድሮው ክብ ጎጆ ነው፤ መካከሉ ላይ ሦስት ጉልቻ፣ ጥግ ጥጉን መደብ። በአገራችን ትዳር መያዝ «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። እሳቱ የቤቱ ልብ ነው። እንጀራው፣ ወጡ፣ ቡናው፣ የጥር ሌሊት ብርድ ማባረሪያውም እሱ ነው። እሳት እዚያ ቤት ሙሉ ለሙሉ አይጠፋም። ማታ ፍሙ አመድ ይለብስና ያድራል፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ሲጨምሩበት ይነሣል። ከአመድ በታች የተቀበረው ይህ ትኩስ ፍም ነው ረመጥ የሚባለው።

እናቶች፣ እስቲ ይህን በሕፃን ዐይን እንየው። ነበልባል ያበራል፣ ይንጣጣል፣ ፊት ይለበልባል፤ ሕፃንም ቢሆን ሊሸሸው ይችላል። ረመጥ ግን አያበራም፣ አይጮኽም፣ አይጨስም። እንደ ዱቄት ለስላሳ ሆኖ መሬት ላይ ይተኛል። ዳዴ የሚል ልጅ ደግሞ ለስላሳ ነገር ሲያገኝ እጁን ይሰዳል። ትኩስ መሆኑን ሲያውቅ እጁን ቶሎ የመሳብ ብልሃት የለውም፤ ሚዛኑን ስቶ ጭራሽ በላዩ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

በዚያ ምሽት ቡና ያፈላችልን ታናሺቱ የአክስቴ ልጅ ናት። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ወደ መዳፏ ታጥፈው ተጣብቀዋል። ስኒውን የምታነሣው በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ ነው። እንጀራ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ጥጥ መፍተል ግን አልሆነላትም፤ እንዝርቱን የሚያሾሩት ጣቶች አይታዘዙላትም። ለሠርጓ የተሠራውን ጋቢ የፈተለችላት ጎረቤት ነበረች።

አደጋው የደረሰው በ1986 ዓ.ም. ነው። ልጅቱ ያኔ ገና ዓመት ተመንፈቋ ነበር። እናቷ እንስራዋን አዝላ ምንጭ ስትወርድ፣ ሕፃኗን እንድትጠብቅ ያደረገችው የሰባት ዓመት ታላቅ እኅቷን ነው። ፍየሎች ጓሮ ገቡ። ጎመኑን ቢበሉት እንደምትገረፍ የምታውቀው ታላቂቱ አለንጋዋን ይዛ ሮጠች። ስትመለስ የሕፃኗ እጅ ረመጡ ውስጥ ነበር።

የተሰበሰቡት ሴቶች የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። አንዷ ሊጥ ለጠፈችበት፣ ሌላዋ ቅቤ ቀባችው፣ ከዚያም ጣቶቹን አንድ ላይ በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩት። ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደችው በአራተኛው ቀን ነው። ቁስሉ ዳነ፤ ነገር ግን አንድ ላይ ታስረው የነበሩት ጣቶች አንድ ላይ ዳኑ። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ የታላቂቱ መጠሪያ «እኅቷን ለእሳት የሰጠች» ሆኖ ቀረ። በአሥራ አራት ዓመቷ ወደ አዲስ አበባ መጣች። እዚህ እንገናኛለን፤ ጥሩ ባለሙያ ናት፣ የሁለት ልጆች እናትም ሆናለች። ጎጃም ለመሄድ ግን ሁልጊዜ ምክንያት ይገኝላታል፤ ወይ ልጅ ታሟል፣ ወይ ሥራ በዝቷል።

ጀበናው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጣድ አክስቴን ጠየቅኋት፤

«አክስቴ፣ ያን ቀን ማን ነው ጥፋተኛው?»

ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች?» አለችኝ። «እሳቱን ገልጬ፣ ረመጡን በትኜ የሄድሁት እኔ ነኝ። ስመለስ እንዲቀለኝ ብዬ። ሰው ሁሉ እሷን ሲል እኔ ዝም አልሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳልሁ ነኝ። ንገሪልኝ፤ እናትሽ እንዲህ አለች በይልኝ።»

ይህን ስሰማ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የሕፃናት ሕግ ስለ ቤት ውስጥ ምድጃ አንድ አንቀጽ ነበረው። ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በቂ ከለላ የሌለው እሳት ባለበት ክፍል እንዲቆይ ተደርጎ ቢሞት ወይም ከባድ ጉዳት ቢደርስበት፣ ኃላፊው በገንዘብ ይቀጣ ነበር። ኃላፊ የተባለው ግን ዕድሜው ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ የሆነ ጠባቂ ብቻ ነው። በ1952 ደግሞ፣ አሁንም በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የማሞቂያ ምድጃዎች ከለላ ሳይኖራቸው እንዳይሸጡ የሚያስገድድ ሕግ ተጨመረ። የሰባት ዓመቷን ልጅ የሚከስ አንቀጽ ግን የለም። እኛ ደግሞ ሕጉ ባይኖረንም ፈራጁ ሞልቶናል፤ የምንፈርደውም ብዙ ጊዜ በትንሿ ላይ ነው።

ታናሺቱ ዛሬ የራሷ ልጅ አላት፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜ የአሥራ አራት ወር ወንድ ልጅ ነበር። ለእሱ ስትል የሠራችውን ከለላ በማግስቱ አሳየችኝ። በጭቃና በጭድ አቡክታ ጉልቻውን ዙሪያውን ከጉልበት ከፍ በሚል ግድግዳ አጥራዋለች። ማገዶ የሚገባበት አንድ አፍ ብቻ ትታለታለች፤ ሥራ ስትጨርስ ያን አፍ የምትዘጋው በተሰበረ ምጣድ ግማሽ ነው። ሸክላ ስለሆነ እሳት አይበላውም፤ ልጁም ገፍቶ አይጥለውም። ማታ ረመጡ ላይ ሌላ ስባሪ ትደፋበታለች። ወጪው ስንት ነው ብትሉኝ፣ የግማሽ ቀን ጭቃ ማቡካት ነው። «ማን አስተማረሽ?» ስላት የታጠፈውን እጇን አነሣችልኝ።

ጎረቤቷ ምርት የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ገዝታለች። ይህ በ1980ዎቹ በአገራችን የተስፋፋው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ይይዛል፤ ማገዶውንም ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ሰምተን ያደግን ነን፤ ለወጡ እውነት ይሆናል፣ ለሕፃን እጅ ግን አልተነገረም። እርግጥ ምርትም ቢሆን ማገዶ የሚገባበት አፍ አለው፤ ሲጋገር ልጅ በአጠገቡ ሊኖር አይገባም። ልጅን በአንቀልባ አዝሎ መጋገርም ቢሆን ከእሳቱ ያርቀዋል እንጂ ከጢሱ አያርቀውም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ወደምትገኘው ወደ ቡሬ አለፍኩ። ቡሬ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ነቀምት የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት የንግድ ከተማ ናት። በርበሬዋን የማያውቅ የለም፤ በገበያዋ ያለፈ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። ያረፍኩት አንድ ክፍል ተከራይታ ከምትኖር አስተማሪ ጓደኛዬ ዘንድ ነበር። እሷ ትምህርት ቤት ስትውል የሁለት ዓመት ልጇን የምትይዘው ከገጠር የመጣች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። እዚህ ረመጥ የለም፤ ነገር ግን የከሰል ምድጃው መሬት ላይ፣ ጀበናው ምድጃው ላይ፣ ልጁ ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው። ያየሁት ያው የአክስቴ ማጀት በከተማ ልብስ ነበር።

እናንተስ ጋ እንዴት ነው? የፈላ ወጥ ድስት ከመሬት፣ የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጨርቅ ላይ፣ የውሃ ማፍያው ገመድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አይገኝም? ለገላ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የፈላውን ውሃ አስቀድሞ ገልብጦ ቀዝቃዛውን ለማምጣት መሄድ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ቀዝቃዛው ይቅደም። የከሰል ምድጃ ደግሞ ሌላም ጠንቅ አለው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው መርዛም ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ልጅ ይሞቀዋል ብሎ የጋመ ከሰል መኝታ ቤት ማሳደር ፈጽሞ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በዓመት 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ተርፈው እንደ አክስቴ ልጅ የሚኖሩት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ቃጠሎ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ውሃ ነው። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳያቋርጥ፣ ሃያ ደቂቃ። በረዶ አይደለም። ሊጥም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም፤ እነዚህ ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት ሃያ ደቂቃ ብዙ መሆኑን አክስቴ ነግራኛለች፤ ያን ጊዜ በጣሳ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይቻላል። ውሃው ሲፈስ ሕፃኑ እንዳይበርደው ሌላውን ሰውነቱን በነጠላ መሸፈን፣ ቀለበትና አምባር ካለው ሳያብጥ ማውለቅ፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስን ግን አለመጎተት ያስፈልጋል። ያበጠው ውሃ አይፈንዳ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን ነው፤ የተቃጠለው እጅ ከሆነ ጣቶቹ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይሸፈኑ። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ኀፍረተ ሥጋ ከተቃጠለ፣ ወይም ቃጠሎው ከሕፃኑ መዳፍ ከሰፋ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ነው፤ አራተኛውን ቀን መጠበቅ የለም።

አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልፈልግም። በገጠርም በከተማም እሳት ላይ ከሚወድቁት መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ናቸው። በሽታው ይተላለፋል በሚል ፍርሃት ሰው ሳይደርስላቸው የሚቃጠሉ አሉ። የሚጥል በሽታ በንክኪ አይተላለፍም፤ በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒትም ብዙዎች ይሻላቸዋል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባት እናት ከእሳትና ከሕፃን ጋር ብቻዋን እንዳትውል ቤተሰቡ ሊያስብላት ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢው በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ወደዚያ አልተመለስኩም፤ ከአክስቴ ጋር የምንገናኘው በስልክ ነው። መልእክቷን ግን ያኔውኑ፣ በመጣሁ በሳምንቱ አድርሻለሁ።

ታላቂቱ ቤት ስደርስ ቡና እያፈላች ነበር። ምድጃዋ ከልጆቹ ደረት በላይ በሆነ የድንጋይ መደብ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ቆማ ነው የምታፈላው። ስለዚህ ልማዷ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እናቷ ያለችውን እንዳለ ነገርኳት። ማራገቢያውን አስቀምጣ፣ «ረመጡን የገለጠችው እሷ ነበረች?» አለችኝ።

«አዎ፤ እንደዚያ አለችኝ።»

ስልኳን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ቡናው እንዳይገነፍል ጀበናውን አወረድኩና ልጆቿን ይዤ ደጅ ወጣሁ።